አንድ ወንበር ሲነሣ፦ የአሜሪካ 107ኛው ኮንግረስ ሁለት ዓመታት

ጃንዋሪ 6 ቀን 2001 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አል ጎር በምክትል ፕሬዚዳንትነታቸው የሁለቱን ምክር ቤቶች የጋራ ጉባኤ እየመሩ የራሳቸውን ሽንፈት አስቆጠሩ። ፕሬዚዳንቱን በሚለየው፣ በየግዛቱ በተሰየሙ መራጮች ድምፅ፣ ጆርጅ ቡሽ 271፣ ጎር 266 አገኙ፤ የአንድ መራጭ ወረቀት ባዶውን ተመለሰ። ከፍሎሪዳ የመጣውን ውጤት ለመቃወም የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ተራ በተራ ተነሡ። ሕጉ ግን ተቃውሞው ቢያንስ የአንድ ሴናተር ፊርማ እንዲኖርበት ያዝዛል፤ ከመቶው ሴናተሮች አንድም አልፈረመም። ጎር ለእርሳቸው የሚሟገቱትን የገዛ ፓርቲያቸውን ሰዎች በደንቡ መሠረት አንድ በአንድ መልሰው አስቀመጧቸው።

ፕሬዚዳንትነቱን ያጡት እኚሁ ሰው በዚያች ሰዓት ሴኔቱን በእጃቸው ይዘው ነበር። ከሦስት ቀን በፊት ሥራ የጀመረው ሴኔት 50 ሪፐብሊካንና 50 ዴሞክራት ነበረው፤ ድምፁ እኩል ሲሆን የሚለየው ምክትል ፕሬዚዳንቱ ነው፤ የጎር ሥልጣን ደግሞ እስከ ጃንዋሪ 20 እኩለ ቀን ይዘልቃል። ስለዚህ ዴሞክራቶቹ ለአሥራ ሰባት ቀን አብላጫ ሆኑ። የደቡብ ዳኮታው ቶም ዳሽል የአብላጫው መሪ፣ የ83 ዓመቱ ሮበርት ቤርድ የሴኔቱ ተጠባባቂ ሰብሳቢ ተባሉ። ዲክ ቼኒ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ደግሞ ከመቶው ሴናተሮች አንድ እንኳ ሳይለወጥ አብላጫው ወደ ሌላው ወገን ዞረ። የቤርድን ቦታ የ98 ዓመቱ ስትሮም ተርመንድ ያዙ።

የ107ኛው ኮንግረስ ነገር እንዲህ ተጀመረ። በሁለት ዓመት ውስጥ የሴኔቱ አመራር ከአንዱ ፓርቲ ወደ ሌላው ከአንድ ጊዜ በላይ ተላልፏል። ይህን ጉዳይ ለጥናት የመረጥሁት አንድ ነገር ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ አጥርቶ ስለሚያሳይ ነው። አንድ ሴናተር ፓርቲውን ሲለቅ የመቶው ሰው አቋም ባለበት ቆየ፤ እጅ የለወጠው ምን ለድምፅ እንደሚቀርብና ምን በመሳቢያ እንደሚቀር የሚወስነው ሥልጣን ነበር።

በመጀመሪያ ቁጥሮቹ እንዴት እንደ ደረሱ። ቡሽ ፍሎሪዳን ያሸነፉት በ537 ድምፅ ነው። ሴኔቱ እኩል ለእኩል የሆነው ደግሞ በዋሽንግተን ግዛት ማሪያ ካንትዌል ነባሩን ሴናተር ስሌድ ጎርተንን በ2,229 ድምፅ ስለበለጡ ነው። አገሪቱን ለሁለት የከፈለው የመራጭ ቁጥር አንድ መካከለኛ የገበያ ቀን የሚያሰባስበው ሕዝብ ያህል እንኳ አልነበረም። ሌላም ምጸት አለ። ጎር ቢያሸንፉ ኖሮ ምክትላቸው ጆ ሊበርማን የኮነቲከት የሴኔት ወንበራቸውን ይለቁ ነበር፤ ተተኪውን የሚሾሙት የግዛቲቱ ገዥ ሪፐብሊካን ነበሩ። ዴሞክራቶች ዋይት ሐውስን ቢያገኙ ሴኔቱ 51 ለ49 ለሪፐብሊካኖች ይሆን ነበር ማለት ነው። በተወካዮች ምክር ቤት ሪፐብሊካኖች 221፣ ዴሞክራቶች 212፣ ነፃ አባላት 2 ሆነው በአፈ ጉባኤ ዴኒስ ሐስተርት ሥር ተቀመጡ።

እኩል የተከፈለ ሴኔት እንዴት ይሠራል? ደንቡ መልስ አልነበረውም። ዳሽልና የሪፐብሊካኖቹ መሪ፣ የሚሲሲፒው ትሬንት ሎት፣ ተደራድረው በጃንዋሪ 5 ቀን አንድ ስምምነት አጸደቁ። የኮሚቴዎቹ ሰብሳቢነት ከጃንዋሪ 20 በኋላ ለሪፐብሊካኖች ይሆናል፤ የኮሚቴ አባላት ቁጥርና የሠራተኛ በጀት ግን እኩል ይከፈላል። አንድ ረቂቅ በኮሚቴ ውስጥ እኩል ድምፅ ቢያገኝ ወድቆ አይቀርም፤ ከሁለቱ መሪዎች አንዱ ወደ ጉባኤው እንዲወጣ መጠየቅ ይችላል። ከሎት ወገን ያጉረመረሙ ነበሩ። በእኔ ግምት ግን ሎት ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም፤ ዴሞክራቶቹ በንግግር ብቻ አደረጃጀቱን ለሳምንታት ማንጠልጠል ይችሉ ነበር።

የቡሽ የመጀመሪያ ጉዳይ ግብር ነበር። የኮንግረሱ የበጀት ጽሕፈት ቤት በቀጣዮቹ አሥር ዓመታት 5.6 ትሪሊዮን ዶላር ትርፍ እንደሚኖር ተንብዮ ነበር፤ ፕሬዚዳንቱ ከዚያ ውስጥ 1.6 ትሪሊዮኑ በግብር ቅነሳ ለሕዝቡ ይመለስ አሉ። በሴኔቱ ተራ ሕግ በተቃዋሚ ንግግር እንዳይታገድ 60 ድምፅ ይፈልጋል፤ በበጀት ሕግ በኩል የሚሄድ ረቂቅ ግን በተራ አብላጫ ያልፋል። ሪፐብሊካኖቹ ይህንኑ መንገድ መረጡ። ቼኒ በኤፕሪል መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ወንበራቸው ላይ ተገኝተው እኩል ድምፅ ለዩ። የሴኔቱን ደንብ የሚተረጉሙት አማካሪ ሮበርት ዶቭ በዚህ መንገድ ስንት ረቂቅ መሄድ እንደሚችል የሰጡት አስተያየት ስላልተወደደላቸው በሜይ ከሥራ ተሰናበቱ። ዳኛው ፊሽካውን ስለነፋ ከሜዳ እንደ ማስወጣት ነው፤ የተነፋበት ቡድን ግን ይህን ያደረገው ስለ ጠነከረ ሳይሆን አንዲት ድምፅ እንኳ የሚያባክንበት አቅም ስላልነበረው ነው።

ያቺ አንዲት ድምፅ የጄምስ ጄፈርድስ ነበረች።

ጄፈርድስ የቬርሞንት ሰው ናቸው። ቬርሞንት ከ1856 ጀምሮ እስከ 1988 ድረስ ባሉት የፕሬዚዳንት ምርጫዎች ሁሉ፣ ከ1964ቱ በቀር፣ ለሪፐብሊካን የሰጠች ግዛት ነበረች። በ1936 ሩዝቬልት አገሩን ሲጠራርጉ እንኳ ከሜይን ጋር ሆና እምቢ ብላለች። የዚያ ሪፐብሊካንነት ጠባይ ከደቡቡ የተለየ ነው፤ ገንዘብ ቆጣቢ፣ ባርነትን የተቃወመ፣ ደን የሚወድ፣ በሰው ቤት ጣልቃ የማይገባ። ጄፈርድስ በ1981 የሬገንን የግብር ቅነሳ ከተወካዮች ምክር ቤት ሪፐብሊካኖች ብቻቸውን ተቃውመዋል። በክሊንተን ክስ ላይ በ1999 ጥፋተኛ አይደሉም ብለው ድምፅ ሰጥተዋል። ፓርቲው ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲሄድ እርሳቸው ባሉበት ቆሙ፤ ርቀቱ እየሰፋ የመጣው ከሁለቱም ወገን ነው።

ልባቸው የነበረው በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ አካል ጉዳተኛ ልጆች በሚማሩበት ልዩ ትምህርት። በ1975 የወጣው ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት ከተጨማሪው ወጪ እስከ 40 በመቶ እንደሚሸፍን ቃል ገብቶ ነበር። በ2001 የሚሸፈነው ወደ 15 በመቶ ገደማ ነበር፤ ቀሪው የሚወድቀው በየመንደሩ የንብረት ግብር ላይ ነው። 5.6 ትሪሊዮን ትርፍ አለ ከተባለ ይህ የቆየ ዕዳ መጀመሪያ ይከፈል ሲሉ ጠየቁ። ፓርቲያቸው እሺ አላላቸውም። በኤፕሪል ዋይት ሐውስ የዓመቱን ምርጥ መምህርት ሸለመ፤ ተሸላሚዋ የቬርሞንት ሰው ነበሩ፤ የሴኔቱ የትምህርት ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት የቬርሞንቱ ሴናተር ግን አልተጠሩም። የቬርሞንት የወተት ገበሬዎችን ዋጋ የሚጠብቀው የአካባቢው ስምምነትም ሊታደስ አይችልም የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር። የግብዣ ካርዱ ታሪክን ለወጠ የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ሰው ሃያ ስድስት ዓመት በኮንግረስ ያገለገለበትን ፓርቲ በአንድ ግብዣ አይለቅም፤ ግብዣው ያሳያቸው አስቀድሞ የሚያውቁትን ነው።

ሜይ 23 ቀን የሪፐብሊካን ባልደረቦቻቸው ተሰብስበው ለመኗቸው። ከመካከላቸው ለብዙ ዓመት የጠበቁትን ሰብሳቢነት ገና ከወራት በፊት ያገኙ ነበሩ፤ ቻክ ግራስሊ የፋይናንስ ኮሚቴውን በያዙ በጥቂት ወር ሊያስረክቡ ነው። በማግስቱ በቡርሊንግተን ጄፈርድስ ፓርቲውን ለቀው ነፃ አባል እንደሚሆኑና ለአደረጃጀቱ ከዴሞክራቶች ጋር እንደሚቆጠሩ አስታወቁ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን ጨመሩ፤ የግብር ሕጉ ፕሬዚዳንቱ ጋ እስኪደርስ ውሳኔያቸው አይጸናም። የተቃወሙት ነገር እንኳ በእርሳቸው መውጣት ምክንያት እንዳይደናቀፍ ጠበቁት። ሕጉ ወደ 1.35 ትሪሊዮን ዝቅ ብሎ በሜይ 26 በሴኔቱ 58 ለ33 አለፈ፤ ከሪፐብሊካን የተቃወሙት ጆን ማኬይንና ሊንከን ቻፊ ናቸው። ጁን 6 ቀን ሴኔቱ ወደ ዴሞክራቶች ዞረ፤ ጁን 7 ቀን ቡሽ የግብር ሕጉን ፈረሙ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ያን ዕለት ጠዋት ምን ተለወጠ? ዳሽል የጉባኤውን አጀንዳ ያዙ። ቤርድ ከተርመንድ የተጠባባቂ ሰብሳቢነቱን ብቻ ሳይሆን በፓርቲ ለውጡ የገንዘብ ድልድል ኮሚቴውንም አገኙ። የፍትሕ ኮሚቴው ከኦሪን ሐች ወደ ፓትሪክ ሌሂ፣ የውጭ ጉዳዩ ከጄሲ ሄልምስ ወደ ጆ ባይደን፣ የመከላከያው ከጆን ዋርነር ወደ ካርል ሌቪን፣ የባንኩ ከፊል ግራም ወደ ፖል ሳርቤንስ ሄዱ። ጄፈርድስ ራሳቸው የሚወዱትን የትምህርት ኮሚቴ ለቴድ ኬኔዲ አስረከቡ። በምትኩ ሃሪ ሪድ ተራቸውን ለቀውላቸው የአካባቢ ጥበቃ ኮሚቴውን ያዙ። ያን ኮሚቴ ያጡት የኒው ሃምፕሻየሩ ቦብ ስሚዝ ናቸው፤ ስሚዝ በ1999 እርሳቸውም ሪፐብሊካን ፓርቲን ለቀው ነበር፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ሲሞቱ ግን ለዚሁ ወንበር ሲሉ ተመለሱ። ወጥቶ የተመለሰው ወጥቶ ለቀረው አስረከበ።

አዲሱ አደረጃጀት የጸደቀው በጁን መጨረሻ ነው። ሪፐብሊካኖች በተለይ ለዳኝነት የሚታጩ ሰዎች ኮሚቴ ውስጥ ታፍነው እንዳይቀሩ ዋስትና ፈልገው ነበር፤ ስጋታቸው እውነት ነበረው። በሌሂ ሰብሳቢነት ቻርልስ ፒከሪንግ በማርች 2002፣ ፕሪሲላ ኦውን በሴፕቴምበር 2002 በኮሚቴ 10 ለ9 ተጣሉ። በመቶው ፊት ቢቀርቡ ያልፉ ነበር ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው፤ ግን አልቀረቡም።

በሌላ በኩል የሕሙማን መብት ረቂቅ በጁን 29 በ59 ለ36 ሴኔቱን አለፈ፤ በሎት ጊዜ ወደ ወለሉ፣ ማለትም ወደ ሙሉው ጉባኤ፣ መውጣቱ ያጠራጥር የነበረ ጉዳይ ነው። የተወካዮች ምክር ቤት በኦገስት የራሱን ሌላ ዓይነት በ226 ለ203 አጸደቀ። ከዚያ ሁለቱ ረቂቆች በሁለቱ ምክር ቤቶች መካከል ተንጠልጥለው ሞቱ። የነዳጅና የኤሌክትሪክ ኃይል ሕጉም እጣ እንዲሁ ሆነ፤ ሴኔቱ በኤፕሪል 2002 በ88 ለ11 ቢያጸድቀውም በአላስካ የዱር ክልል ነዳጅ የመቆፈሩ ሐሳብ 46 ድምፅ ብቻ አግኝቶ ስለ ወደቀ ከተወካዮቹ ረቂቅ ጋር መታረቅ አልቻለም።

ሴፕቴምበር 11 ያን ሁሉ ለተወሰነ ጊዜ አስረሳ። በዚያ ምሽት የሁለቱ ፓርቲ አባላት በካፒቶል ደረጃ ላይ ቆመው ዘመሩ፤ በሴፕቴምበር 20 ቡሽ ንግግራቸውን ሲጨርሱ ዳሽልን አቀፏቸው። በጥቃት አድራሾቹ ላይ ጦር የመጠቀም ፈቃዱ ሴኔቱን 98 ለ0፣ የተወካዮች ምክር ቤትን 420 ለ1 አለፈ፤ ብቻቸውን የተቃወሙት የካሊፎርኒያዋ ባርባራ ሊ ናቸው። ፀረ ሽብሩ የፓትሪዮት ሕግ በሴኔቱ አንድ ተቃዋሚ፣ ረስ ፋይንጎልድን ብቻ፣ አግኝቶ በኦክቶበር 26 ተፈረመ። ከዚያ በፊት በኦክቶበር 15 የዳሽል ቢሮ ሠራተኛ የከፈተችው ፖስታ የአንትራክስ ዱቄት ይዞ ተገኘ፤ የሴኔቱ ቢሮዎች ያሉበት የሐርት ሕንፃ እስከ ጃንዋሪ 22 ቀን 2002 ተዘጋ፤ ዋሽንግተን ውስጥ ሁለት የፖስታ ሠራተኞች ሞቱ።

አንድነቱ በገንዘብ ጉዳይ ላይ ነው መጀመሪያ የሰነጠቀው። ኢኮኖሚውን ለማነቃቃት የቀረበው ረቂቅ በ2001 መጨረሻ ተጣብቆ ቀርቶ የተፈረመው በማርች 2002፣ አንሶ ነው።

ክርክሬን የሚደግፍልኝ ምርጥ ምሳሌ ግን የሳርቤንስ ነው። ሒሳቡን ሲያጭበረብር የነበረው ግዙፍ ኩባንያ ኤንሮን በዲሴምበር 2001 ሲከስር ኮንግረሱ ተቆጣ። የተወካዮች ምክር ቤት በኤፕሪል 2002 የኩባንያዎችን ሒሳብ የሚቆጣጠር ለዘብ ያለ ሕግ በ334 ለ90 አጸደቀ። ሳርቤንስ ጠንከር ያለውን ረቂቅ በኮሚቴያቸው ውስጥ በትዕግሥት አበጁት፤ የሒሳብ ድርጅቶቹ ግፊት ስለ በረታ ይታገዳል የሚሉ ብዙ ነበሩ። በጁን 25 የስልክ ኩባንያው ወርልድኮም 3.8 ቢሊዮን ዶላር በተሳሳተ መንገድ መመዝገቡን አስታወቀ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የሳርቤንስ ረቂቅ በሴኔቱ 97 ለ0 አለፈ። ፊል ግራም ሰብሳቢ ቢሆኑ ኖሮ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ረቂቅ አይኖርም ነበር። ድንጋጤ ሲመጣ የሚያሸንፈው ረቂቁን አስቀድሞ ጽፎ የያዘው ነው፤ ያን ለመጻፍ ደግሞ የሰብሳቢ ወንበር ያስፈልጋል።

ይህ ሥልጣን የማይደፈር ነው ማለቴ ግን አይደለም። የማኬይንና የፋይንጎልድ የምርጫ ገንዘብ ሕግ ሴኔቱን 59 ለ41 ያለፈው በኤፕሪል 2001፣ ሎት አጀንዳውን በያዙበት ጊዜ ነው። የተወካዮች ምክር ቤት አመራር ሊያፍነው ሲሞክር አባላቱ 218 ፊርማ አሰባስበው በግድ ወደ ወለሉ አወጡት፤ በ240 ለ189 አለፈ፤ ቡሽ በማርች 27 ቀን 2002 ፈረሙት። የበለጠ የሚፈትነኝ ደግሞ በኢራቅ ላይ ጦር እንዲዘምት የመፍቀዱ ጉዳይ ነው። ሴኔቱን ዴሞክራቶች ይመሩ ነበር፤ የመከላከያ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሌቪን ተቃዋሚ ነበሩ፤ ቤርድ በወለሉ ላይ አምርረው ተከራከሩ። ጉዳዩ ግን ከምርጫው ሦስት ሳምንት በፊት ቀርቦ 77 ለ23 አለፈ። ከዴሞክራቶች 29ኙ ደገፉ፣ ዳሽልም ጭምር። ከ23ቱ ተቃዋሚዎች መካከል ጄፈርድስና ቻፊ ይገኙበታል። አጀንዳውን የያዘ ሰው ምርጫን ሲፈራ አጀንዳው ከእጁ ይወጣል።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ቅርብ የሆነው የ2002 የንግድ ሕግ ነው። የተወካዮች ምክር ቤት በዲሴምበር 2001 የመጀመሪያውን ረቂቅ 215 ለ214 አሳለፈ። የሴኔቱ ዴሞክራቶች በውጭ ሸቀጥ ምክንያት ሥራ ለሚያጡ ሠራተኞች ድጎማና የጤና መድን ካልተጨመረ አይሆንም አሉ፤ ተጨመረ። የመጨረሻው ረቂቅ በጁላይ 27 ሌሊት፣ ሊነጋ ሲል፣ 215 ለ212 አለፈ። በውስጡ የአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ሸቀጥ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የሚገባበት ሕግ፣ ማሻሻያ ነበረበት፤ ከአፍሪካ ጨርቅ የተሰፋ ልብስ ያለ ቀረጥ የሚገባበትን ጣሪያ ከፍ አደረገ። ኢትዮጵያ ከኦክቶበር 2000 ጀምሮ የአጎዋ ተጠቃሚ ነበረች፤ እስከ 2022 መግቢያ ድረስም ቆይታለች። በኋላ በሐዋሳና በሌሎች የኢንዱስትሪ ፓርኮች የተሰፋው ልብስ መንገድ ከፊሉ የተጠረገው በሦስት ድምፅ ልዩነት በዚያች ሌሊት ነው።

የተከፈለው ኮንግረስ ግልጽ ውድቀት በጀቱ ነበር። የ1974ቱ የበጀት ሕግ ከወጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴኔቱ ዓመታዊ የበጀት ውሳኔ ሳያጸድቅ ቀረ። ከአሥራ ሦስቱ የገንዘብ ድልድል ሕጎች የመከላከያውና የወታደራዊ ግንባታው ብቻ ተፈረሙ፤ አሥራ አንዱ ለቀጣዩ ኮንግረስ ተላለፉና በፌብሯሪ 2003 በአንድ ጥቅል ወጡ።

የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሕግ የመኸሩ ጦርነት ሆነ። የሊበርማን ረቂቅ ነበር መጀመሪያ የቀረበው፤ ቡሽ እስከ ጁን 2002 አልፈለጉትም ነበር። በመጨረሻ ያጋደላቸው ወደ 170,000 የሚጠጉት ሠራተኞች የማኅበርና የሥራ ዋስትና መብት ነው። ዴሞክራቶቹ ያንን ሲከላከሉ ሴኔቱ ተጣብቆ ከረመ። በጆርጂያ ማክስ ክሌላንድ፣ በቬትናም ሁለት እግራቸውንና ቀኝ እጃቸውን ያጡት ሴናተር፣ በዚሁ ጉዳይ ለአገር ደኅንነት ደንታ የሌላቸው ሆነው በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ቀረቡ፤ ተሸነፉ። ምርጫው ካለፈ በኋላ ሕጉ በሁለት ሳምንት ውስጥ 90 ለ9 አለፈ።

ወንበሮቹ ራሳቸው እስከ መጨረሻው አልረጉም። የሚኒሶታው ፖል ዌልስተን ኦክቶበር 25 ቀን በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ፤ ገዥው ጄሲ ቬንቱራ ነፃውን ዲን ባርክሌይን ተኩ። በሚዙሪ ባለቤታቸው በ2000 ዘመቻ ላይ በአውሮፕላን አደጋ ሞተው ከሞቱ በኋላ ስለ ተመረጡ ወንበሩን በሹመት የያዙት ጂን ካርናሃን በኖቬምበር 5 ልዩ ምርጫ በጂም ታለንት ተሸነፉ። ልዩ ምርጫ ስለነበር ታለንት ወዲያው ገቡ፤ በቁጥር አብላጫው በዚያው ኖቬምበር ወደ ሪፐብሊካኖች ዞረ፤ ሴኔቱ ሥራ ስላልነበረው ግን ማንም መዶሻውን አልተረከበም። በዲሴምበር ሎት በተርመንድ መቶኛ የልደት በዓል ላይ፣ ተርመንድ በ1948 የዘር መለያየትን ይዘው ለፕሬዚዳንትነት ያደረጉትን ዘመቻ ያወደሰ ንግግር አደረጉ፤ የአብላጫውን መሪነት መልሰው ሊይዙ ሳምንታት ሲቀሩ ለቀቁ።

በጃንዋሪ 2003 የአካባቢ ጥበቃው ኮሚቴ ወደ ጂም ኢንሆፍ ሄደ። ጄፈርድስ ነፃ አባል ሆነው እስከ 2007 ተቀመጡ፤ በ2014 አረፉ። የልዩ ትምህርቱ 40 በመቶ ግን እስከ ዛሬ አልተሞላም።